አበባ የለበሰው ሮልባር

ከፒካፕ ላይ ወድቄ እንደምሞት እርግጠኛ የነበርኩበት ዘመን አለ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይተን ከሚስቴ ጋር እንኖራለን፤ እኔ እሑድ እሑድ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ሌላው ሰው እሑድን ሲናፍቅ እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ እፈራው ነበር።

ያኔ ሰርግ ያለ ፒካፕ ሰርግ አይባልም። ሙሽሮቹ ባጌጠች መኪና ይመጣሉ፤ ከፊታቸው የኋላ መዝጊያው ወለል ብሎ የተከፈተ ፒካፕ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ካሜራማኑ ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ፣ ጀርባውን ወደሚሄድበት አድርጎ ይቆማል። መዝጊያው የሚከፈተው ስዕሉን እንዳይጋርድ ነው። ስለዚህ በኔና በሙሽሮቹ መኪና አፍንጫ መካከል ያለው ባዶ አየርና አስፋልት ብቻ ነው። የምደገፈው ነገር ቢኖር ከጋቢናው ጀርባ እንደ በር መቃን ጎብጦ የቆመው ወፍራም ቧንቧ ነው፤ ሮልባር ይሉታል። መኪናው ቢገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ የተሠራ ነገር ነው። በኛ ሰፈር ግን ባለመኪናው ለማማር ነበር የሚያስገጥመው፤ እኔ ደግሞ ወገቤን በናይለን ገመድ አስርበታለሁ። ያ ቧንቧ ከተነቀለ አብሬው ነው የምነቀለው።

ስለ ሮልባር በቅጡ ያወቅሁት ጎሮ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ገና ኮረኮንች ነበር። አንድ ፒካፕ ተገልብጦ ሰው ከቦት ደረስኩ። ሹፌሩን ወደ ሐኪም ቤት ወስደውታል፤ ተርፏል ተባለ፣ ጋቢናው ግን እንደ ቡና ጣሳ ተጨፍልቋል። ሰዉ ሁሉ የሚያደንቀው ሮልባሩን ነበር። «ብረቱ እኮ ምንም አልሆነ» እየተባባሉ ይዞሩታል። እውነት ነው፣ ቧንቧው አልታጠፈም፤ ቀለሙም አልተጫረም። ችግሩ ቧንቧው መኪናው ላይ አለመኖሩ ነው። ሁለት እግሮቹ የታሰሩበትን የወለል ላሜራ ቦጭቆ ይዞ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ተጋድሟል። ቡሎኖቹ እንደተጠበቁ ናቸው፤ የተቀደደው ወለሉ ነው። ከላሜራው ሥር ጉልበቱን የሚጋራ ወፍራም ዝርግ ብረት ማስገባት ሲገባቸው የሳንቲም ያህል ሮንዴላ አድርገው ትተውታል። ምሰሶ ጭቃ ላይ እንደ መትከል ነው። ሰዉ አሁንም ቧንቧውን እየዳበሰ ያመሰግናል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ብረት ሳይ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው።

ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ የቡሎን መፍቻ መያዝ ጀመርኩ። ሰርግ ቤት እንደደረስኩ ሰላምታ ሳላዳርስ ፒካፑ ሥር እገባለሁ። ዝርግ ብረት መኖሩን በእጄ ዳስሼ፣ ወጥቼ ከላይ የቡሎኖቹን ዳዶዎች አንድ በአንድ አጠባብቄ፣ ሮልባሩን በሁለት እጄ ነቅንቄ ነው ካሜራዬን የማወጣው። ሱፌ ጀርባው ሁሌ አቧራ ነው። የሙያ ጓደኞቼ «መካኒኩ» እያሉ ያሾፉብኛል። ይበሉ። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እኔ እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ የምፈራው ለሚስቴ ነበር። ሚስቴ ደግሞ ያን ጊዜ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ሸሚዜን እየተኮሰችልኝ «ዛሬም ፒካፕ አለ?» አለችኝ።

«አለ። ግን የሚነዱት ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።»

«ብረቱን ታየዋለህ አይደል?»

«ሳላየው መቼ ወጥቼ አውቃለሁ?»

ሙሽራዋ የገርጂ ልጅ ናት። ፒካፑ የሙሽራው አጎት ንብረት ነው። ሽበታም፣ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ መኪናቸውን ለማንም አይሰጡም፣ ለሰርጉ ራሳቸው ሊነዱት ከነሙሉ ልብሳቸው መጥተዋል። ስደርስ ፒካፑ ከሙሽሪት ቤት በር ላይ ቆሟል። ሮልባሩን ሳየው ክው አልኩ። ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሪባን ጠምጥመውበት፣ በሁለቱ እግሮቹ ላይ አበባና የጥድ ቅጠል አጥብቀው አስረው ከወለሉ ጋር አንድ አድርገውታል። ቡሎን የለ፣ ዳዶ የለ፣ የሚታየው የአበባ ክምር ነው። ከሥር እንዳልገባ ደግሞ አጃቢው፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ ሁሉ መኪናውን ከቦ ያጨበጭባል።

«ጋሼ፣ የብረቱን እግር ትንሽ ልየው?» አልኳቸው አጎትየውን።

«ምኑን ነው የምታየው?»

«ዳዶዎቹን።»

«አበባውን ልትፈታው ነው? ሴቶቹ ስንት የለፉበትን!» ሳቅ አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞህ ልጄ፣ ይሄንን ዝሆን አይነቅለውም።»

አበባውን ያሰሩት ሴቶች እዚያው ቆመው እኔን እኔን ያያሉ። አንዷ ገና ከመጀመሪያው ፊቷን ቋጥራለች። ምን ልበል? አጎትየው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሮልባሩን ያዝ አድርጌ ነቀነቅኩት፤ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። መኪናው ባሌስትራው ላይ ሲወዛወዝ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው አፍሮ ሊሞት ይችላል። ወጣሁና ወገቤን አሰርኩ። ሁለት የሙሽራው ጓደኞች ቢራቸውን እንደያዙ ከጎንና ከጎኔ ተቀመጡ። ሙሽሪት በእልልታ ወጣች፣ ክላክሱ ጀመረ፣ ሄድን።

ገርጂ ውስጥ እስካለን ድረስ መንገዱ ጎርባጣ ስለሆነ በእግር እንደሚሄድ ሰው ነበር የምንጓዘው። ከጀርባዬ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ሮልባሩ ወገቤን ገፋ አድርጎኝ ይመለሳል። ጉድጓዱ ነው እላለሁ። አስፋልቱን ይዘን ወደ መገናኛ ስንታጠፍ ጉድጓዱ አለቀ፣ ድምፁ ግን አላለቀም።

ያን ጊዜ ነው አንድ ዳዶ የወጣው። ከግራው እግር፣ ከአበባው ሥር ብቅ አለና ወለሉ ላይ እየተንከባለለ፣ እንደሚያውቀው ቤት ሰተት ብሎ ሄዶ በተከፈተው መዝጊያ በኩል አስፋልቱ ላይ ወደቀ። የሙሽሮቹ መኪና ረገጠው።

ካሜራውን ቀኝ ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ በግራ እጄ ለሙሽሮቹ ሹፌር ምልክት ሰጠሁት፤ መዳፌን ወደ ታች እያደረግኩ፣ ቀስ በል፣ ራቅ በል። ሹፌሩ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ። ሙሽራው አየውና እሱም አውለበለበ። ከኋላ ወንበር ሚዜው በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ሁለቱንም እጁን አውለበለበ። ካሜራማን እጁን ካነሳ ሳቁ፣ አውለብልቡ ማለት ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ በየሰርጉ እንዲህ ያስተማርኳቸው። እጄን ባወዛወዝኩ ቁጥር ሰልፉ እስከ መጨረሻው መኪና ድረስ ይፈነድቃል።

የጋቢናውን ጣሪያ መምታት ጀመርኩ። ባዶ ፒካፕ ቢሆን አጎትየው ይቆሙ ነበር። ግን ሁለቱ ጓደኛሞች ምቴን እንደሰሙ ዘፈኑን ተቀበሉና እነሱም ጣሪያውን እየደለቁ ያግዙኝ ጀመር። አጎትየው በክላክስ መለሱልን፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ደግሞ ለእሳቸው መለሰ። ጎንበስ ብዬ ለአንደኛው በጆሮው «ብረቱ ተፈቷል፣ አቁሙ በላቸው» አልኩት።

ሮልባሩን ቀና ብሎ አየ። «አይዞህ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» አለኝና በአንድ እጁ ያዘው። ቢራውን አልለቀቀም። መኪናው በተንገላታ ቁጥር ራሱ እንዳይወድቅ የሚንጠለጠለው በዚያው ብረት ላይ ሆነ፤ እሱ ከያዘው በኋላ ባሰበት።

ገመዱን ለመፍታት በግራ እጄ ቋጠሮውን ከጀርባዬ ፈለግሁ። ብረቱ እየጎተተው ጠጥሮ ድንጋይ ሆኗል። ላቤ በዓይኔ ገብቶ ያቃጥለኛል። ስለ ሚስቴ አሰብኩ። ሮጠው ሄደው የሚነግሯት ማን ይሆን? አከራያችን ሴትዮ ናቸው ምናልባት፤ እሳቸው ደግሞ ወሬ ማለሳለስ አያውቁበትም። ልጄ ሲያድግ አባትህ በምን ሞተ ቢሉት ሰርግ ላይ ሊል ነው፤ ሰው ይስቅበታል። እንዲህ ያለው ሐሳብ ሁሉ መጣብኝ። ክፉኛ ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መገናኛ አደባባይ ደረስን። ሰርገኛ አደባባይ ካገኘ አይምርም፤ ደጋግሞ ካልዞረ የሄደ አይመስለውም። የመጀመሪያውን ዙር ስንጀምር ሮልባሩ ወደ ውጪ ማዘንበል ጀመረ። ወደ ታች አየሁ። የግራው እግር ከነአበባው ከወለሉ ተነስቷል። በአበባውና በላሜራው መካከል ብርሃን ገብቷል፤ ቀና ስንል ይገጥማል፣ ስንዞር ደግሞ ይከፈታል። አጎትየው አደባባዩን ጨርሰው ወደ ቦሌው መንገድ ነዳጅ ሲሰጡ መኪናው ወደፊት ይፈናጠራል፣ እኔና ብረቱ ወደ ኋላ እንቀራለን። የምወድቀው እዚያ ነው አልኩ። ቦታውን አውቀዋለሁ።

ሰልፈኛው ሁሉ ዓይኑን ሌንሱ ላይ ተክሎ ይስቃል። ሌንሱን የማታይ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፤ እናቷም አክስቶቿም ሲመክሯት ያደሩት ይህንኑ ነው። አንገቷን ስለደፋች ዓይኗ ያረፈው እኔ ፊት ላይ ሳይሆን ፒካፑ ወለል ላይ ነበር። የአበባውን መነሣትና መቀመጥ ታያለች።

ወደ ሙሽራው ዞር ብላ አንድ ነገር ስትለው አየሁ። ሳቀና እጇን ያዝ አደረጋት። እንደገና አቀረቀረች። ሌላ ዙር ዞርን። አሁን የሹፌሩን ትከሻ በጣቷ ነካች፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷት አንገቱን ነቅንቆ ክላክሱን ተጫነ። ቀጥሎ በሩ ተከፈተ። የሙሽሮቹ መኪና እየተንፏቀቀ ሳለ ነጭ ጫማ ያደረገ እግር ወደ ውጪ ወጣ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ፤ ሰልፉ በሙሉ ከኋላው ከመገጫጨት ለጥቂት ተርፎ ቆመ። አጎትየው የሙሽሮቹ መኪና መቅረቱን በመስታወት አይተው እሳቸውም ቆሙ።

ሙሽሪት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በአደባባዩ መሐል ወደኔ መጣች። ከኋላ የሙሽራው አክስት ከመኪናቸው አንገታቸውን አውጥተው «ምነው ልጄ፣ ሙሽራ መንገድ ላይ መሬት ትረግጣለች እንዴ?» ይላሉ። እሷ አልዞረችም። ፒካፑ ጋ ደርሳ ቀና ብላ አየችኝ።

«ብረቱ ተነቅሏል። ውረድ» አለችኝ።

መውረድ እንኳ አልቻልኩም፤ ገመዱን በቢላ ነው የቆረጡልኝ። አጎትየው መጥተው አበባውን በእጃቸው ገነጠሉት። የግራው እግር አራቱም ቡሎኖች ራቁታቸውን ናቸው። የቀኙ ሁለት ዳዶ ቀርቶታል፤ አንዱ በጣት ሲነኩት ይዞራል። ጎንበስ ብዬ ከሥር ዳሰስኩ። እዚያማ እኔ ሁሌ የምመኘው ዓይነት ወፍራም ዝርግ ብረት ነበረ፤ ሥራው አንድ እንከን የለውም። ያልነበረው ማጥበቅ ብቻ ነው።

«ትናንት ነው» አሉ አጎትየው። ፊታቸው አመድ መስሏል። የሙሽሮቹን ቁም ሳጥን ጎሮ ወዳለው አዲሱ ቤታቸው ለማድረስ ሮልባሩን መፍታት ነበረባቸው፤ ካልፈቱት ቁም ሳጥኑ አልጋደም አላቸው። ሲመለሱ ብረቱን ቦታው አቁመው ዳዶዎቹን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉና መፍቻ ሊያመጡ ሲሉ ሴቶቹ አበባቸውን ታቅፈው ደረሱ። «ቆይ ላጥብቀው ልል ነበር» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «አበባውን ይዘው ሲጠብቁኝ አፈርኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አምሮ ሳየው ማን ይፈታዋል?»

እሳቸውም አፍረው ነበር ማለት ነው። በንዴት ልጮህባቸው ነበር፤ ሽማግሌ ላይ እንዴት ይጮሃል? የቀረውን መንገድ ጋቢና ገብቼ በመስኮት ቀረጽኩ። ሙሽሪት ወደ መኪናዋ ተመልሳ አንገቷን ደፋች፤ የቬሎዋ ጫፍ በአስፋልት ጥላሸት ጠቁሯል።

ሰርጉ አዳራሽ ስንደርስ አክስትየው ጠርተውኝ ሙሽራዋ የወረደችበትን ቦታ ከቪዲዮው እንዳወጣው አዘዙኝ፤ ሰው ቢያይ ደግ አይደለም አሉ። ለዚህ ነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቴፑን ቤት አስገብቼ ያየሁት። ሚስቴ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ አብራኝ ታያለች። የሆነውን ማታ ነግሬያታለሁ። ሲያልፉት ያስቃል፤ እንዲያውም እያጋነንኩ ነበር የነገርኳት፣ ሰውየው ቢራውን ይዞ ብረቱ ላይ ሲንጠለጠል እያስመሰልኩ። እሷ ብዙም አልሳቀች።

«እዚህ ጋ ነው ዳዶው የወደቀው» አልኳት።

ስክሪኑ ላይ ሹፌሩ ያውለበልባል፣ ሙሽራው ያውለበልባል፣ ሚዜው በመስኮት ወጥቷል። ሁሉም በስዕሉ መሐል ተቀምጠዋል፤ የማንም ጭንቅላት አልተቆረጠም።

«ተንቀጠቀጥኩ አላልክም?» አለች።

«ተንቀጥቅጫለሁ እንጂ።»

«ስዕሉ እኮ አይንቀጠቀጥም።»

«ሥራዬ አይደል?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራ ብያለሁ።

አደባባዩን ዞርን። በሩ ተከፈተ። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ እየቀረበች እየቀረበች መጣች፤ ፊቷ ስክሪኑን ሲሞላው ስዕሉ ለአፍታ ደብዘዝ አለና እንደገና ጥርት አለ። እዚያ ላይ ሆኜ፣ ወገቤ ከተነቀለ ብረት ጋር ታስሮ፣ ሌንሱን አስተካክዬላታለሁ ማለት ነው። «ብረቱ ተነቅሏል። ውረድ» አለች፣ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ።

ሚስቴ ወደኔ ዞረች። «ካሜራውን ብታወርደው ሁሉም ይቆሙ ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰርገኛ ያለ ካሜራ አንድ እርምጃ አይሄድም። ቴፕ ስቀይር እንኳ ያ ሁሉ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጨርሼ ካሜራውን ትከሻዬ ላይ እስክመልሰው ክላክስ የሚነካ የለም። ይህን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጣሪያ ከመደብደብ፣ እጅ ከማወዛወዝ፣ ለሰካራም ከመለመን ይልቅ ያንን ዕቃ ከትከሻዬ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃኝ ነበር። አንድ ጊዜም አልታሰበኝም።

«ለምን አላወረድከውም?»

«ሰርጋቸው እንዳይበላሽ ብዬ» አልኳት።

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«የኔ ቤት ቢፈርስስ?» አለችኝ።

ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ልመልስላት ፈልጌ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ያን ጊዜ ነው እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው።